የጋሼን ቤት ሌሊት በ8 ሰዓት የቀሰቀሰው መልእክት

ጥያቄ፦

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ገላን ያለ የፕላስቲክ ጀሪካን ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። 29 ዓመቴ ነው፤ የማሽን ክፍሉ ሱፐርቫይዘር ከሆንኩ ገና 4 ወሬ ነው። በሥሬ 11 ሰዎች አሉ፣ በሁለት ፈረቃ ይሠራሉ። የጠዋቶቹ 12 ሰዓት ገብተው 8 ሰዓት ላይ ለከሰዓቶቹ ያስረክባሉ። ባለፈው ወር ባለቤቱን ውጭ አገር ያለው ልጁ መክሮት አንድ የኦንላይን ፕላትፎርም ገዛልን። ቡድኑ በየሳምንቱ ሥራውን መለስ ብሎ እያየ የሚጽፍበት፣ አጫጭር ትምህርትም የሚወስድበት ነው። የዓመት ተከፍሎበታል፤ የማስጀምረው ደግሞ እኔ ነኝ። በሦስት ሳምንት ያገኘሁት ይኸው ነው፦ ዘጠኙ «ሁሉም ጥሩ ነው» ብለው ጻፉ፣ አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ነባር ኦፕሬተር ደግሞ ጭራሽ አልከፈቱትም። «ልጄ፣ እኔ ግምገማ በቅቶኛል» አሉኝ። በዚህ ላይ ማስታወሻው በፈረቃ መቀያየሪያችን በ8 ሰዓት በስልካቸው እንዲገባ ብዬ 2:00 ብሞላው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጮኾ የጋሼን ባለቤት ቀሰቀሰ። ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው፣ ከመጀመሪያው ክፍል ያለፈ ሰው የለም። ባለቤቱ በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ይፈልጋል። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት፣ ከገላን

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን «እግዚአብሔር ይመስገን» ያለውን ልጅ እንዳትቆጪው። የተጠየቀውን በትክክል የመለሰው እሱ ነው።

ፕላትፎርሙ ምን ብሎ እንደጠየቃቸው አልነገርሽኝም፣ ግን እገምታለሁ። «ሳምንትዎ እንዴት ነበር?» ዓይነት ነገር ነው አይደል? ይሄ ፈረንጆቹ ዘንድ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፣ እኛ ዘንድ ሰላምታ ነው። አንድ ሰው ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ አግኝቶሽ «እንዴት ሰነበትሽ» ቢልሽ የቤት ኪራይ እንደተጨመረብሽና ወገብሽን እንዳመመሽ ትነግሪዋለሽ? አትነግሪውም። «ይመስገን፣ አንተስ?» ብለሽ ታልፊያለሽ። ልጁም ሰላም ተባለ፣ ሰላምታውን መለሰ። ዘጠኙም ያው ናቸው። እና ችግርሽ ሰነፍ ቡድን አይደለም፣ ግማሹ ችግርሽ ጥያቄው ነው።

ሌላውን ግማሽ ጋሼ ነግረውሻል። አንቺ ግን እንደ እምቢታ ነው የሰማሽው።

አንቺ 29 ነሽ፣ ላታስታውሺው ትችያለሽ። ከ1983 በኋላ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ፣ ወይም የሠራ አባት ያለው ሰው፣ ግምገማ የሚለውን ቃል ሲሰማ ትከሻው ይከብደዋል። ታጋዮቹ ከሜዳ ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። ሰው ተሰብስቦ ይቀመጣል፣ ራስህን ሂስ ይባላል፣ ከዚያ ሌላው ይጨምርበታል። የተነገረውም ማስታወሻ ይያዝበታል። ከዚያ ወንበር ተነስቶ ከሥራ የወረደ ሰው ብዙ ነው። ጋሼ እንዲህ ያለው ነገር በራሳቸው ደርሶ ይሁን በጎረቤታቸው እኔ አላውቅም፣ ግን «በቅቶኛል» የሚል ሰው ቀምሶታል ማለት ነው። አሁን አንቺ በስልክ መጥተሽ «በየሳምንቱ ምን እንደተሳካና ምን እንዳልተሳካ ይጻፉ» ስትያቸው ምን ሊመስላቸው ነው? ያው ግምገማ፣ ሠልጥኖ በስልክ የመጣ።

አንድ ተረት አለን፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚል። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሲጻፍ ደስ ይላል። አለቃው ሊያነበው በሚችል ፕላትፎርም ላይ ስህተቱን ጻፍ ለተባለ ሠራተኛ ግን ማስፈራሪያ ነው። ይወረሳላ! ዛሬ «ሞልዱን (የጀሪካኑን ቅርጽ ማውጫ) ስቀይር ጫፉን ጫርኩት» ብሎ የጻፈውን የዛሬ ሁለት ዓመት አዲስ ማናጀር መጥቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ሰውየው «ሁሉም ጥሩ ነው» ይላል። ጎበዝ ነው፣ እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምለው።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ አለች፣ ሃርቫርድ የምታስተምር። በ1990ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሆስፒታል ውስጥ የነርሶችን ቡድኖች ታጠና ነበር፣ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ላይ። ጥሩ ቡድን ትንሽ ይሳሳታል ብላ ነው የጠበቀችው። ውጤቱ ተገልብጦ መጣባት። እርስ በርሱ የሚግባባው፣ አለቃው ጥሩ የሆነው ቡድን መዝገቡ ላይ ብዙ ስህተት ተገኘበት። በኋላ ስትመረምረው ዋናው ነገር ሌላ ሆኖ አገኘችው፤ ጥሩዎቹ ቡድኖች ስህተታቸውን ለመናገር ስለማይፈሩ ነው፣ ሌሎቹ ይደብቃሉ። ይህንን ለባለቤቱ ንገሪው። 11 ሰው «ሁሉም ጥሩ ነው» ያለበት ሪፖርት ካመጣሽለት ሊደነግጥ ነው የሚገባው።

ታዲያ ከየት ትጀምሪ? ከባለቤቱ። ከቡድኑ በፊት እሱን አናግሪው። የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፦ ሠራተኞቹ የሚጽፉትን ማን ያነባል? እሱ የሚያነብ ከሆነ እርግፍ አድርገሽ ተይው፣ ገንዘቡ ባክኗል። «የቡድኑን ጽሑፍ ቡድኑ ብቻ ያያል፤ ለእርስዎ በወር አንዴ ምን እንደተለወጠና ምን እንደሚያስፈልገን እኔ አመጣለሁ» በይው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ፕላትፎርሞች ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወሰንበት ቦታ ማስተካከያው ውስጥ አላቸው። ከፍተሽ ከባለቤቱ ጋር አብራችሁ አስተካክሉት፣ እሱ ራሱ በጣቱ ቢያጠፋው ይመረጣል። ከዚያ ለቡድኑ ስትነግሪ «ባለቤቱ አያየውም» ብለሽ አትለፊው፣ ስልክሽን አዙረሽ አሳያቸው። አገራችን በ2016 ዓ.ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፣ ቁጥር 1321። የሠራተኛ መረጃ የሚሰበስብ ሰው ለምን እንደሚሰበስብ ማስታወቅ አለበት፤ ባለቤቱ ካንገራገረ ይህንንም አንሺበት፣ ግን መጨረሻ ላይ፣ በጨዋ ደንብ።

ይህንን ስትጨርሺ ፕላትፎርሙን ዝጊው።

እውነቴን ነው። ለሦስት ሳምንት ማንም አይጻፍ። በምትኩ 8 ሰዓት ላይ፣ የጠዋቶቹ ሊወጡ የከሰዓቶቹ ሊገቡ ሲሉ፣ 10 ደቂቃ ሁሉንም አቁሚያቸው። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ከበሩ ውጭ ቡና የምታፈላ ሴት መቼም አትጠፋም፣ ከተቻለ እዚያ አድርጊው፣ ቡናውን ባለቤቱ ይክፈል። ስብሰባ አዳራሽ ግን ድርሽ እንዳትይ። ለምን መሰለሽ፣ ያ ቡድን ሥራውን መለስ ብሎ ማየት ከጀመረ ቆይቷል። በየቀኑ እዚያች ሴትዮ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ጥሬ ዕቃው፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ስለ አንቺም ሲያወራ ነው የሚውለው። አንቺ ብቻ ነሽ ያልተጠራሽው።

ስታቆሚያቸው «እንዴት ነበር» እንዳትይ። የአሜሪካ ጦር ከፈረንጆቹ 1970ዎቹ ጀምሮ ከልምምድ በኋላ የሚጠቀምባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ፣ ከወታደሩ ወጥተው ሆስፒታሉም ፋብሪካውም ወስዷቸዋል። ምን ይሆናል ብለን ነበር? ምን ሆነ? ልዩነቱ ከምን መጣ? በሚቀጥለው ምን እናድርግ? በቃ። ደግሞ ስለ ሳምንቱ በሙሉ አይደለም፣ ስለ አንድ ነገር ብቻ።

ለምሳሌ ማክሰኞ መብራት ሄደ እንበል። ምን ይሆናል ብለን ነበር? ጀነሬተሩ ይነሳል፣ ምርት ወዲያው ይቀጥላል። ምን ሆነ? ጀነሬተሩስ ተነሳ፣ ነገር ግን የማሽኑ ማቅለጫ በርሜል ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ቀዝቅዞ ነበር፣ ሂተሩ እስኪያሞቀው ተቆመ፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹ ጀሪካኖች አንድ ጎናቸው ስስ ሆኖ ወጥቶ ተጣሉ። ከምን መጣ? እዚህ ላይ ዝም ይባላል። ዝም ሲሉ ጠብቂ፣ አትሙይላቸው። አንዱ ቀስ ብሎ «አንዱ ሂተር ከጠዋት ጀምሮ ደክሞ ነበር» ይላል። የጠዋቶቹ ያውቁ ነበር፣ የከሰዓቶቹ አልተነገራቸውም። እና በሚቀጥለው? በርክክብ ሰዓት ሂተሮቹን ሁለቱም አብረው አይተው ይረካከባሉ። ጨረስሽ፣ 8 ደቂቃ አልፈጀም።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብቻ ተጠንቀቂ። «ከምን መጣ» ወደ «ማን አጠፋው» ለመንሸራተት አንድ ቃል ነው የሚቀረው፣ ያኔ ደግሞ የጋሼ ግምገማ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በዚህ ነገር አማርኛችን ራሱ ያግዝሻል። «ሰበርኩት» የሚል ሰው ጥፋቱን ተሸክሟል፣ «ተሰበረ» የሚል ደግሞ የለሁበትም እያለ ነው። «ተሰበረብኝ» የሚለው ግን በመሀላቸው አለ፤ እኔ እጅ ላይ ሆነ፣ አልካድኩም፣ ግን ሆን ብዬም አይደለም። ሰዎችሽ በ«ብኝ» ይናገሩ። ቀዘቀዘብኝ፣ ተጣበቀብኝ፣ ተበላሸብኝ። አንድ ሰው «ማን ነበር ያኔ የነበረው?» ብሎ ቢጀምር ሳቅ ብለሽ መልሺው።

መጀመሪያ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ። ትንሽ የይስሙላ ስህተት አትምረጪ፣ ይነቁብሻል። እንኳን ሌላ ሊጠፋ፣ የሌሊቱ መልእክት አለልሽ አይደል! «8 ሰዓት ቀን እንዲደርሳችሁ ፈልጌ ነበር፣ ሌሊት 8 ሆነ፣ የጋሼን ቤት አወክሁ። ሰዓቱን ስሞላ ተሳሳተብኝ፣ ማንንም አላማከርኩም ነበር» በያቸው። ይስቃሉ። ጋሼም ይስቃሉ። ባለቤታቸው ምን እንዳሉ ይነግሩሻል፣ በዚያው ይጫወታሉ።

በነገራችን ላይ እኔም ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት 7 ሰዎች አስተባባሪ ሳለሁ «ስም አልባ አስተያየት» ብዬ አስጀመርኩ። የመጣውን በስብሰባ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንዱ አስተያየት ውስጥ «እንደዚያም ሆኖ» የሚል አነጋገር ሁለት ጊዜ ነበረበት፣ በመሥሪያ ቤቱ ደግሞ «እንደዚያም ሆኖ» የሚል ሰው አንድ ብቻ ነው። ሁሉም ዞሮ አየው። ሰውየው ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ቃል አልጻፈም፣ እኔንም ሰላም ሲለኝ ቆጥቦ ነበር። በ11 ሰው ውስጥ ስም አልባ የሚባል ነገር የለም እህቴ። ያንን ቁልፍ አታብሪው፣ የማትጠብቂውን ቃል መግባት ይሆንብሻል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉንም ይወስነዋል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት ከተነሳው ውስጥ አንድ ነገር መፈታት አለበት፣ በሚታይ ነገር። ሂተሩ ከተባለ ሂተሩ ይቀየር። ጓንት ከተባለ ጓንት ይምጣ። ትልቁን የደመወዝ ጥያቄ አንቺ ልትፈቺው አትችይም፣ አትችይም ብለሽ ንገሪያቸው፣ ትንሹን ግን ሩጪበት። ሰው ተናግሮ ነገር ሲለወጥ አንዴ ካየ ሁለተኛ ይናገራል። ተናግሮ ምንም ካልተለወጠ ደግሞ «ድሮም» ይልና ይተኛል። ብዙ ፋብሪካ ውስጥ አቧራ የለበሱ የካይዘን (ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ) ቦርዶች አይተሽ ይሆናል። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ቦታ ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ የሥራ ቦታን ማደራጃ የሆኑትን አምስቱን «ማ»ዎች በቃሉ የማይወጣ ሠራተኛ የለም ማለት ይቻላል፣ አንዳንዱ ቦታ ላይም በእውነት ሠርቷል። የሞተባቸው ቦታዎች ላይ እኔ ያየሁት ግን ያው ነው፤ ሰው ሐሳቡን ለጠፈ፣ የሚያነሳለት ጠፋ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፕላትፎርሙን ክፈቺው። አሁን የሚጻፍ ነገር አለ። ከቡና ሲነሱ የተወሰነውን አንድ መስመር ብቻ አስገቢ፦ ምን ይደረጋል፣ ማን ያደርገዋል፣ እስከ መቼ። ለሁለት ፈረቃ ፕላትፎርም ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው የሚታየው። በሳምንት አንዴ እንጂ በየቀኑ አትቆሙም፣ የጠዋቱ ያየውን የከሰዓቱ እንዲያገኘው መጻፉ ግድ ነው። ለየብቻ ጻፉ የሚለው ይቆይ፣ ሲለምዱት ራሳቸው ይጀምሩታል። ሲጀምሩም በፈለጉት ቋንቋ ይሁን። ገላን ነሽ፣ ከ11ዱ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ የሚቀናቸው አይጠፉም፣ በአማርኛ ካልሆነ ካልሽ እነሱን አጣሻቸው። መጻፍ የሚደብረው ድምፁን ይላክ፤ ቴሌግራም ላይ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ሲላላክ የሚውል ሰው እዚህ ሲመጣ ድርሰት ጻፍ አትበይው። ፕላትፎርሙ ድምፅ ካልተቀበለ በቴሌግራም ይላኩልሽ፣ አንቺ አስገቢላቸው። አዎ ሥራ ይበዛብሻል፣ ለሁለት ወር ነው።

ኢሜልና የይለፍ ቃል ደግሞ አለ። የግማሹ ሰውሽ ኢሜል ስልክ ሲገዛ ሻጩ ያወጣለት ነው፣ የይለፍ ቃሉን ሻጩም ረስቶታል። በስልክ ቁጥር መግባት ከተቻለ በእሱ፣ ካልሆነ አንድ ቅዳሜ ተቀምጠሽ ለእያንዳንዱ አዲስ አውጪለት፣ እሱም በራሱ ወረቀት ላይ ይያዝ። አንቺ ደብተር ላይ የ11 ሰው የይለፍ ቃል እንዳይገኝ።

ትምህርቱን በተመለከተ ፊት ለፊት ልንገርሽ፣ በእንግሊዝኛ ስለ አመራር የተዘጋጀ ቪዲዮ ለኦፕሬተር ምን ያደርግለታል? ለጊዜው እርሺው። ፕላትፎርሙ የእያንዳንዱን ሰው ክህሎት የሚሞላበት ሰንጠረዥ ካለው ግን እሱን ተጠቀሚበት። ከ1 እስከ 5 ራስህን ለካ የሚለውን ብቻ ቀይሪው። እኛ ራሳችንን ስንለካ ይሉኝታ ይይዘናል፤ አንቱ የተባለው ባለሙያ ለራሱ 3 ይሰጣል፣ ትናንት የገባው ልጅ 5 ይሞላል። በቁጥሩ ፋንታ አራት ቃል አድርጊ፦ ነክቼው አላውቅም፤ ሰው ሲያግዘኝ እሠራዋለሁ፤ ብቻዬን እሠራዋለሁ፤ ለሌላ ማሳየት እችላለሁ። ሥራዎቹን በአንድ በኩል ደርድሪ፣ ሞልድ መቀየር፣ ሂተር መቀየር፣ ከመብራት መጥፋት በኋላ ማስነሳት። ሞልተሽ ስትጨርሺ ምን ታያለሽ መሰለሽ? ሞልድ መቀየር ላይ «ለሌላ ማሳየት እችላለሁ» የሚለው ስር አንድ ስም ብቻ ይኖራል፣ ያም ስም የጋሼ ነው። ጋሼ አንድ ቀን ቢታመሙ ፋብሪካው ይቆማል ማለት ነው። ለባለቤቱ ከሪፖርት ሁሉ በላይ ይቺ አንድ ሰንጠረዥ ትበቃዋለች።

እና ትምህርቱ ጋሼ ናቸው። ሞልድ ሲቀይሩ በስልክ ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ እየተቆረጠ ይቀረጽ፣ በራሳቸው አነጋገር፣ ጓንታቸውን አድርገው። ፕላትፎርሙ ላይ ይጫን፣ አዲሱ ልጅ አይቶ በሳምንቱ እሳቸው ባሉበት ይሞክር፣ ከዚያ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ይሞክር። በአንድ ቀን አሥር ጊዜ ከሚደጋግመው ይልቅ ቀን እያራራቀ የሞከረው ይጸናበታል፤ ጀርመናዊው የማስታወስ ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ በፈረንጆቹ 1885 ያሳተመው ነገር ነው።

ግን ጋሼ እሺ ላይሉሽ ይችላሉ፣ ልክም ናቸው። «እውቀቴን ቀድተው ሊሸኙኝ ነው» ብለው ያስባሉ፣ ይሄ በየትም ቦታ የሚደርስ ነገር ነው፣ የእሳቸው ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከመጠየቅሽ በፊት ባለቤቱን ሌላ ነገር ጠይቂው፦ አሠልጣኝ የሚል ሥራ መደብ ወይም ትንሽም ብትሆን ጭማሪ። እሱን ይዘሽ ሂጂ። ባዶ እጅሽን «ለቡድኑ ስንል» እያልሽ አትሂጂባቸው። እምቢ ካሉም መብታቸው ነው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ይሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ይሄ ሁሉ በሥራ ሰዓት ውስጥ ነው የሚደረገው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። የጠዋቶቹ 8 ሰዓታቸውን ጨርሰው ነው የሚቆሙልሽ፣ ስለዚህ የዚያን ቀን 10 ደቂቃ ቀድመው ከማሽን ይነሱ፣ ሰርቪሱም ይጠብቃቸው። ቤቱ ሄዶ በራሱ ዳታ ትምህርት ይከታተል የሚባል ነገር እንዳይኖር። ፋብሪካው ዋይፋይ ካለው ኮዱን ስጫቸው፣ ባለቤቱ ፌስቡክ ያዩበታል ብሎ ከሠጋ ይሥጋ።

ለወሩ መጨረሻ ሪፖርት ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንት ሰው እንደጻፈ የሚያሳየውን ሥዕል አታትሚ። በአንድ ገጽ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ይህ ችግር ተነሳ፣ ይህን ለወጥን፣ ይህ ከእርስዎ ይፈለጋል። የማንም ስም አይግባበት። «ለምን ዝም ብለው ቆዩ?» ካለሽ የነርሶቹን ታሪክ ንገሪው። «ልጄ ግን ሁሉም ሰው በየሳምንቱ መጻፍ አለበት ብሏል» ካለሽ ልጁ መጥቶ ለአንድ ሳምንት በከሰዓት ፈረቃ ይግባ። ይሄን የመጨረሻውን እንኳ በሆድሽ ያዢው።

አሁን ግን ይህንን ማንበብ ስትጨርሺ፣ ሌላው ሁሉ ሳይደረግ በፊት፣ ስልክሽን አንሺና ማስታወሻውን አስተካክይ። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑን እዪ፣ ከሌለ ናይሮቢ ምረጪ፣ ሰዓቱ አንድ ነው። ከዚያ 2:00 ያልሽውን አጥፊና 14:00 አድርጊው። ዛሬ ማታ ጋሼ ቤት ሰው ይተኛ።